ሰሜን የዞረው ቤት

ሜትር፣ ቅጽና ማኅተም መሬት ቢሮ ሰጥቶኝ፣
ከኩታበር ሽቅብ ጠመዝማዛው መርቶኝ፣
አምባ ጥድ ደረስሁ፣ ረፋድ ላይ፣ ላብ አልቦኝ።
«ቁጥር የሌለው ቤት፣ ሰነድ የጠፋበት፣
ለካና ተመለስ፣ ካርታ እንሥራለት።»
ትእዛዙ ይኸው ነው።

አያ ጎሹ ይመር፣ ቁልፉ በክር ካንገቱ የዋለ፣
«ዜሮውን ያዝልኝ» ብለው እሺ አለ፤
የሜትሩን ጫፍ ይዞ ማዕዘኑ ላይ ቆመ፣
እየጎተትሁ ሄድሁ፣ ግድግዳው ረዘመ።

ርዝመት፦ አሥራ አራት ሜትር፣ ስንዝር የማይሞላ ትርፍ።
(ትርፉን የትኛው መስመር ላይ ልጻፍ?)

አገልግሎት፦ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት።
ጉልላት የለውም፣ የሰጎን እንቁላል የተሰካበት፤
ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ አይባልበት፤
አንድ በር፣ አምስት መስኮት፣
የባሕር ዛፍ አግዳሚ፣ ሳጥን መሳይ መስበኪያ።
ከወንዙ ማዶ ካለው ክብ ደብር ጋር ሲተያይ
ባዶ እጁን ሰርግ የመጣ እንግዳ ይመስላል፣ ዳር ላይ።

ግድግዳ፦ እስከ ወገብ ጥቁር ድንጋይ፣ ያነሰ የበለጠ፣
ከዚያ ወዲያ ጭቃ፣ በጤፍ ጭድ የተረገጠ።
ወጋግራው ጥድ ነው፤ ምስማር የለም፣ ጠፍር ብቻ።

የተሠራበት ዘመን፦
«ሃምሳ ሦስት» አለ አያ ጎሹ፣ ከማዕዘኑ ሳይነቃነቅ።
«አናፂው አባቴ ነው። እኔ ጠጠር ስለቅም፣ ውኃ ሳመላልስ።
ግንበኛው ሙሄ አራጋው፤
ያን ተረተር ላይ ያለውን መስጊድ ያቆመው።
ሌላ ማን ነበረና ማዕዘን የሚያውቅ?
የመስኮቱን ቅስት እየው፤
መስጊዱን የደገፈው የእንጨት ደጋን
በአህያ ተጭኖ መጣ፣ ይህንንም ደገፈ።»

ኮምፓሴን አወጣሁ።
መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ዋለለ፣ አረፈ፤
ሰባኪው ከሚቆምበት ግድግዳ ጋር ቀጥ አለ፦ ሰሜን።
«አያ ጎሹ፣ ይህ ቤት ምሥራቅ አያይም?»

ሳቀ።
«ሙሄ ክር ሲወጥር እጁ የለመደው አንድ ነው፣
በቀን አምስቴ ፊቱን የሚያዞርበት።
ያወቅነው መሠረቱ ጉልበት ከደረሰ ወዲያ።
ገሚሱ ‹ይፍረስ› አለ። ሙሄ አንገቱን ደፋ፣
‹በነፃ አፍርሼ በነፃ ልሥራው፣ እኔ ነኝ ያጠፋ።›
አባቴ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣
‹ጌታ ጀርባ የለው፣ በየት ይዞራል?› ብሎ፣
ወጋግራ ሊጠርብ ሄደ።»

ከዚያ እሱው ሞተ፣ ቤቱ ሦስት ክረምት ሳይጠግብ።
ደብሩ «አይሆንም» አለ። ቀኑም መሸ።
የሙሄ ቅሬ ዶማ ይዞ መጣ፣ ከዚህ ከግንቡ ሥር ቆፈረ፤
«ራሱን ወዴት እናድርገው?» ብለው ቢጠይቁ
እናቱ፣ «እንደ ቤቱ» አለች።

የቀድሞ አገልግሎት፦
ሰባ አንድ ላይ ታሸገ። ደወሉን በአይፋ ጭነው ወሰዱት።
የገበሬ ማኅበሩ እህል አገባበት።
ቀኝ ግድግዳ ላይ የከሰል ጭረት አለ፣
ኩንታል በጭረት፣ አምስት አምስቱ እየታሰረ፤
ሰባ አራት፣ ረጅም ሰልፍ፤
ሰባ አምስት፣ ያጠረ፤
ሰባ ስድስት፣ ሦስት ጭረት።
ሰባ ሰባት ተብሎ ተጽፏል።
አጠገቡ ግድግዳ ነው።

«ኖራ ስንቀባ ይህችን ዘለልናት» አለ፣
ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ደወል፦ የመኪና ቸርኬ፣ ወይራ ላይ የተሰቀለ።
አጥር፦ ቁልቋል።
የፊት አቅጣጫ፦ ሰሜን።
ቀጥሎ «ምክንያት» ይላል ቅጹ፣
ሦስት ጣት የማታህል ባዶ ቦታ ትቶ።

ብዕሬን ከፈትሁ፣ ገጠምሁ፣ ከፈትሁ።
ቀና ስል አያ ጎሹ እዚያው ነው፣
ሙሄ መጀመሪያ ድንጋይ ያስቀመጠበት ማዕዘን፣
ዜሮውን እንደያዘ፤
ልቀቀው አላልሁትምና።